ከባንድ ወደ ላፕቶፕ፦ የግጥም መድረክ ዲጄ መሆን ያዋጣል?

ለአዲስ አበባ ወጣት ግጥምን የምሽት ፕሮግራም ያደረገለት ግጥም በጃዝ ነው። ራስ ሆቴል አዳራሽ ለዓመታት በየወሩ ይቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ግጥም ለመስማት እንደሚመጣ አሳይቷል። አሰራሩ ቀላል ነበር፦ ገጣሚው ያነባል፣ ባንዱ ከኋላ ይጫወታል።

አሁን ይሄ አሰራር እየከበደ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የጥበብ ሳይሆን የሂሳብ ነው።

ትንሽ የሚባለው ባንድ እንኳ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን ይፈልጋል። አራት ሰው ማለት አራት ክፍያ ነው። ልምምዱና የእቃ ማመላለሻው ሲጨመር ሂሳቡ ሌላ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። የጊታር ክርም፣ የድራም ዱላም፣ ማይክም ከውጭ ነው የሚመጡት። ቦታውም እየጠበበ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ የባህል ማዕከል፣ ሙዚቃና ግጥም የሚገናኙበት ቤት፣ በአካባቢው መልሶ ማልማት ምክንያት የቆየ ቦታውን አጥቷል።

በዚህ መሀል አንድ ልጅ ላፕቶፕና ትንሽ ኮንትሮለር በቦርሳ ይዞ በታክሲ ይመጣል። ካፌ ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ የግጥም ምሽት ለሚያዘጋጅ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። ስለዚህ «ዲጄ ልሁን?» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ በሩ አለ። ግን የምትገቡበትን ቤት እወቁት።

◾ ስራው ሌላ ነው

የሰርግ ዲጄ ስራ መድረኩ እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ነው። የግጥም ዲጄ ግን ሰው ከገጣሚው ይልቅ እሱን ካስተዋለ ስራውን አበላሽቷል ማለት ነው። ቅርብ ዘመዱ የክለብ ዲጄ ሳይሆን አዝማሪ ነው። አዝማሪ ቤት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ በማሲንቆው ላይ ያስቀምጠዋል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መስማት ይቀድማል። ግጥሙን ቀድሞ ሳያነብ፣ የት እንደሚከርና የት እንደሚወርድ ምልክት ሳያደርግ መድረክ ላይ የሚቀመጥ ዲጄ ሙዚቃ ከፋች ነው፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ ዘፋኝ ያለበት ዘፈን ከገጣሚ ጋር ይጣላል። ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራ ማንንም አትሰሙም። መፍትሔው በመሳሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ስራዎች ናቸው፣ እሱ ደግሞ ሞልቶናል፦ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ፣ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር የሰራቸው፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ። ጌታቸው ራሱ የቃልን ጥበብ ወደ መሳሪያ የቀየረ ሰው ነው። ለግጥም ዲጄ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ሦስተኛ፣ ምጣኔ። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስንኙን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ስድስት ቀለም በስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት በአምስት ነው። አብዛኛው የዲጄ ሶፍትዌር የተሰራው ፍጥነቱ ለማይለዋወጥ፣ በአራት ለሚቆጠር ምት ነው። የኛ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። የድሮዎቹ ቅጂዎች ደግሞ ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ የቀረጻቸው ስለሆኑ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል። ሲንክ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መገላገል አይሰራም፤ ጆሮ ነው የሚሰራው።

ደግሞ ሁሉንም ግጥም ትዝታ ማልበስ ስንፍና ነው። ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም አለ። ከሁሉም በላይ ዝምታ አለ። ገጣሚው ዋናውን ስንኝ ሊል ሲል ድምፁን ጭጭ ማድረግ የሚችል ዲጄ፣ ከአሥር ኤፌክት ከሚደረድረው ይበልጣል።

◾ ገንዘቡስ የማን ነው?

ማንም የማያወራው ጉዳይ ይሄ ነው። ዲጄው ለምን ረከሰ? ሙዚቀኞቹ ስለጠፉ አይደለም። ሙዚቀኞቹ አሁንም እየተጫወቱ ነው፣ ላፕቶፑ ውስጥ። ከሂሳቡ የወጣው ክፍያቸው ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል) የሥራ አመንጪውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንና የሙዚቃ አሳታሚውንም መብት ይጠብቃል። የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል። «የድሮ ዘፈን ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው አባባል ሕጉ ላይ የለም።

ሕጉ ቢተኛ እንኳ ዩቲዩብ አይተኛም። ገጣሚዋ ወር ሙሉ የለፋችበት ግጥም ቪዲዮ ሲጫን፣ ከኋላ ያለውን ሙዚቃ ሲስተሙ ይለየዋል። ከዚያ ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ የማስታወቂያው ገቢ ለሙዚቃው ባለመብት ይሄዳል። ግጥሙ የሷ፣ ገቢው የሌላ። ዲጄው ደግሞ የምሽት ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

ስለዚህ ያዋጣል ወይ? የሰው ትራክ አውርዶ ለሚከፍት ሰው ብዙም አያስኬድም። እሱን ስራ ገጣሚው ራሱ ከስልኩ ሊሰራው ይችላል። የሚያዋጣው የራሱን ድምፅ ለሚያዘጋጅ ነው፦ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወይም አንድ ዋሽንት ነፊ ከፍሎ የሚቀርጽ፣ በጽሑፍ የሚስማማ፣ ከዚያ ድምፅ ላይ ለእያንዳንዱ ግጥም የሚሰራ ሰው። ይሄ ሲሆን ለሙዚቀኛው ስራ ይፈጠራል፣ የገጣሚዋ ቪዲዮ አይታገድም፣ ዲጄውም በሌላ ዲጄ በቀላሉ የማይተካ ይሆናል።

አዘጋጆችም ብትሆኑ አንድ ገጽ ውል አይክበዳችሁ። ማን ያነባል፣ ማን ይጫወታል፣ ቪዲዮው የማን ነው፣ ገቢው እንዴት ይከፈላል፤ አራት መስመር ይበቃል። ባንዱን ማቆየት ካልተቻለ፣ ቢያንስ ሙዚቀኛውን ከነክፍያው ይዘን እንሻገር።