የንባብ ቤት ጥገና የሚፈተነው በክረምት ነው

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነበር። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ተመልሶ ወደ መሃይምነት እንዳይወድቅ በብዙ ገበሬ ማኅበራት የንባብ ቤቶች ተሠርተዋል። ሕዝቡ በጉልበቱ፣ በእንጨትና በጭቃ ያቆመው ቤት ግን ካልተጠገነ ዕድሜ የለውም።

ዛሬ እንዲህ ያለውን አሮጌ ቤት ለማደስ የሚነሳ ቀበሌ በቅድሚያ ሊያጤነው የሚገባ የሥራ ቅደም ተከተል አለ። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ለበርና ለቀለም ይውላል፤ ለጎብኚ ዓይን የሚታየው እርሱ ነውና። ሆኖም ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ቀለም ቢቀባ አንድ ክረምት አይሻገርም። ስለዚህ አስቀድሞ ጣሪያው ይከደናል፤ ቀጥሎም ጎርፍ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ ይቆፈራል። ምስጥ የበላው ምሰሶና ማገር ከተለወጠ በኋላ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ በሚገባ ሳይደርቅ ቀለም አይነካውም። መደርደሪያውም ከግድግዳ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ መቆም ይኖርበታል፤ እርጥበትና ምስጥ ወደ መጽሐፍ የሚደርሱት በእነዚሁ በኩል ነው።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። የሰው ጉልበት የሚገኘው እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የሚቀጥለው እርሻ ከመጀመሩ በፊት ነው። በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ያልተከደነ ጣሪያ ዝናብ ይቀድመዋል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው እንቅፋት ግን ከጥገናው በኋላ የሚመጣው ነው። ማዳበሪያ ሲደርስ ማስቀመጫ ይቸግራል፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ቁልፍ ያለው ቤት ደግሞ አዲስ የታደሰው የንባብ ቤት ሆኖ ይገኛል። ውሳኔው ለመሪዎች ቀላል አይደለም። ማዳበሪያው ዝናብ ቢመታው የሚጎዳው የዓመት ምርት ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ በአጠገቡ ያለ ወረቀት ይሻግታል፤ ሚስማርና ማጠፊያም ይዝጋል። «ለጊዜው» ተብሎ የገባ ጆንያ ወራት ከቆየ፣ ሕዝቡ ለንባብ ቤት ያዋጣው ገንዘብና ጉልበት ለመጋዘን ዋለ ማለት ነው።

ስለሆነም የጥገናው ዕቅድ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ የማዳበሪያው ማስቀመጫ ጉዳይ አብሮ ቢወሰን ኋላ ከሚነሳ ጭቅጭቅ ያድናል። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ቤቱም በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚከፈት በዚያው ጉባኤ ሊወሰን ይገባል። ገበሬው ከሞፈርና ከቀንበር በሚያርፍበት በበዓልና በገበያ ቀን የተዘጋ ቤት ቢታደስም ባይታደስም ለእርሱ አንድ ነው።

የሥራው ግስጋሴ በሪፖርት ላይ በመቶኛ ይጻፍ ይሆናል። እውነተኛው መለኪያ ግን ክረምቱ አልፎ በመስከረም በሩ ሲከፈት መጽሐፉ ደረቅ፣ አግዳሚውም አንባቢ የተቀመጠበት ሆኖ መገኘቱ ነው።