ሄዶ የጻፈው ሚኒስትር

አንኮበር ተራራ ላይ ቆሜ ወደ ቆላው ቁልቁል ባየሁ ቁጥር በዚያ አቀበት የወጡት እንግዶች ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ በኩል ነው። አገሩ ሲመለስ ስለ ጉዞው በሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። አባቶቻችንን አይቶ የጻፈው እሱ ነው፤ እነሱ ስለ እሱ አገር የጻፉት ግን የለንም።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ይህን የገለበጠው የዚሁ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ተወለዱ፤ እንጦጦ ራጉኤል ተማሩ። ብዕራቸው ቤተ መንግሥት አስገባቸው፤ ለንደንን፣ አሜሪካንንና አውሮጳን አሳያቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ተላኩ፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊትም ቀረቡ።

ጃፓን ያኔ ለእኛ ሩቅ አልነበረችም። ገበያችን በጃፓን አቡጀዲ ተሞልቶ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተጻፈ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ የሰያደብር ልጅ ናቸው። አንዱ ሸዌ ሕጉን ሲያረቅ ሌላው ጃፓንን ሊያይ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሳስብ እኮራለሁ፤ አልደብቅም።

የሚበልጥብኝ ግን ብላቴን ጌታ ሲመለሱ ያደረጉት ነው። ያዩትን በሆዳቸው አልያዙም። «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በዚያው በ1924 አሳተሙት፤ ያውም በአማርኛ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እንዲያነበው። ልዑል ተፈሪ መኰንን አውሮጳ ሲሄዱም አብረው ሄደው የመንገዱን ነገር ጽፈዋል። ለእሳቸው ተልእኮው የሚያልቀው ለንጉሡ ቃል ሲያደርሱ አልነበረም፤ ለአንባቢም ሲያደርሱ ነው።

ዛሬስ? ሹሞቻችን ከእሳቸው በላይ ይጓዛሉ፤ አውሮፕላን አለ። ከጉዞው ለሕዝብ የሚተርፈው ግን ባብዛኛው ፎቶግራፍና አንድ አንቀጽ ዜና ነው። ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። በብርድ ሌሊት ፈረቃ የሚገባው ወጣት ሌላ አገር ሠራተኛው እንዴት እንደሚሠለጥን፣ ምን እንደሚከፈለው፣ ባለሙያ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። ይህን በዓይኑ አይቶ የመጣ ሹም ሃያ ገጽ ቢጽፍለት ምን ይጎድልበታል?

ብላቴን ጌታ መስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ በስደት አረፉ። የጃፓኑ መጽሐፋቸው በየትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ ይገባዋል፤ መጀመሪያ መርሐቤቴ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃንና አንኮበር።