ጥፋቱ የማተሚያው ነውን?

የንግድ ሥራቸውን በመካከለኛ ደረጃ ኮምፒዩተር የሚያካሂዱ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ «አዲሱ ፕሪንተር ሥራችንን አበላሸብን» የሚል አቤቱታ የተለመደ ነው። በዶት ማትሪክስ ማተሚያ በወጉ ይወጣ የነበረ ሪፖርት በኔትወርክ በተያያዘ የሌዘር ማተሚያ ሲወጣ ቀኝ ጠርዙ ይቆረጣል፤ የግርጌ መስመሮቹ ወደ ሌላ ገጽ ይሻገራሉ፤ አንዳንዴም ወረቀቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ይሞላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ማተሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው። መመርመር ያለበት በኮምፒዩተሩና በማተሚያው መካከል የሚካሄደው የትርጉም ሥራ ነው።

አይ.ቢ.ኤም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ለገበያ ያቀረበውን ኤኤስ/400 እንመልከት። ስሙ ደጋግሞ ቢለዋወጥም፣ ስርዓተ ክወናውም ከ2008 ወዲህ አይ.ቢ.ኤም. አይ ቢባልም የቀድሞ ልማዱን አልተወም። ፊደላትን የሚመዘግበው በ1964 ከሲስተም/360 ጋር በመጣው ኢብሲዲክ በተባለ ኮድ ሲሆን የሌዘር ማተሚያዎች ግን በአስኪ ላይ የተመሠረተ ቋንቋ ይጠብቃሉ። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» በኢብሲዲክ 193፣ በአስኪ ደግሞ 65 ነው። ቁጥር 64 በኢብሲዲክ ባዶ ቦታ ነው፤ በአስኪ ግን በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናየው ምልክት ነው። እንግዲህ ባዶ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ ይህ ምልክት ተሰልፎ ከታየ ሰነዱ ሳይተረጎም እንዳለ ተልኳል ማለት ነው። መድኃኒቱም ሆስት ፕሪንት ትራንስፎርም የተሰኘውን ተርጓሚ ማብራትና የማተሚያውን ዓይነት በትክክል መንገር ነው።

የገጽ ልኬት ግን ከዚህ ይልቅ ተንኮለኛ ነው። የተለመደው ሪፖርት በአንድ መስመር 132 ፊደል ይይዛል። በአንድ ኢንች 10 ፊደል ሲታተም 13.2 ኢንች ስፋት ይፈልጋል፤ እኛ የምንጠቀምበት ኤ4 ወረቀት ወደ ጎን ቢዞር እንኳ 11.69 ኢንች ብቻ ነው። በአንድ ኢንች 15 ፊደል ቢደረግ 8.8 ኢንች ስለሚሆን 8.27 ኢንች ስፋት ባለው ቁም ገጽ ላይ አሁንም አይገባም። ወደ ቁመቱ ስንመጣ፣ 66 መስመር በኢንች 6 እየሆነ ሲታተም በትክክል 11 ኢንች ይሞላል። ብዙዎቹ የፒ.ሲ.ኤል. ማተሚያዎች ግን ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው ከላይና ከታች ግማሽ ግማሽ ኢንች ስለሚተዉ፣ በአሜሪካው ሌተር ወረቀት 60፣ በኤ4 ደግሞ 64 መስመር ብቻ ይቀበላሉ። ከእያንዳንዱ ገጽ ቀጥሎ ሁለት ወይም ስድስት መስመር ብቻ የያዘ ወረቀት ከወጣ ምክንያቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

የሚያሳዝነው፣ በዚህ ጊዜ ፕሮግራመሩ የሪፖርቱን ፕሮግራም ከፍቶ መስመር መቀነስና ዓምድ ማጥበብ መጀመሩ ነው። በወር መዝጊያ ተጣድፎ ይሆናልና አይፈረድበትም፤ አሠራሩ ግን ስህተት ነው። ማተሚያው ነገ በሌላ ሲተካ ያ ሁሉ ጥገና እንደገና ይፈርሳል። ከዚህም የከፋው ዓምድ በስውር ሲቆረጥ ነው፤ የመጨረሻ አኃዞቹን ያጣ ድምር ለአንባቢው እንደ ሙሉ ቁጥር ሊታየው ይችላል፤ ፊርማም ይኖርበታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የስፑል ፋይሉን ይዞ በስክሪን ላይ ማየት ይገባል። በስክሪኑ ላይ ትክክል ከሆነ ፕሮግራሙ አይነካ። ቀጥሎ የፋይሉን የገጽ ርዝመት፣ ስፋትና የፊደል መጠን፣ ከዚያም የማተሚያውን መግለጫ ማነጻጸር ነው። ሰፊውን ገጽ አዙሮ የሚያሳንስ ምርጫ እዚያው በማተሚያ ፋይሉ ላይ አለ። በልዩ ትእዛዝ ብቻ የሚስተካከል ማተሚያ ቢገጥም እንኳ የሚለወጠው የተርጓሚው ሰንጠረዥ እንጂ ሪፖርቱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አይካድም። ካርቦን ባለው ተደራራቢ ቅጽ ላይ የሚጻፍ ደረሰኝ ካለ፣ ሌዘር ወረቀቱን ስለማይመታ ቅጂው ባዶ ይቀራል። ለዚያ ሥራ ጩኸታሙን የዶት ማትሪክስ ማተሚያ ማቆየት ነው።