ለአኒሜሽን ትምህርት ብር ከመላካችሁ በፊት

ከአገር ቤት የሚመጣው ስልክ ጥያቄው ተለውጧል። ድሮ ታናሽ ወንድም የሚጠይቀው የመንጃ ፈቃድ ወይም የአካውንቲንግ ክፍያ ነበር። አሁን ግን "አኒሜሽን ልማር፣ ጌም ዲዛይን ልማር፣ የመመዝገቢያ ላኪልኝ" የሚለው በርክቷል። ሳልሚያ ወይም ፈርዋኒያ ሆና ይህን የምትሰማ እህት ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2016 ለቤት ሠራተኛ የወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። ከዚያ ላይ ተቆርጦ የሚላክ ብር ካርቱን ለመማር ይውላል ሲባል "ይሄ ደግሞ ምን ሥራ ነው?" ማለት ተገቢ ነው።

ሥራ ነው። እዚሁ ያለንበት አገር ምስክር ይሆናል። የዐረብ ልጆች ትውልድ ያደገበት "ኢፍታሕ ያ ሲምሲም" እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ኩዌት ውስጥ ተዘጋጅቶ ነው። ኩዌታዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናይፍ አል-ሙጠወዕ እ.ኤ.አ. በ2006 "ዘጠና ዘጠኙ" የተባለውን የሥዕል መጽሔት አስጀምሮ በኋላ ወደ አኒሜሽን ተከታታይ ፊልም አሳድጎታል። በኛም አገር መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርታ ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ በአሻንጉሊት ወደ ቴሌቪዥን አምጥታለች። በስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር" የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ቀኔ ጌምስ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ "ኩኩሉ" የተባለውን የምታመልጥ ዶሮ የሞባይል ጨዋታ ሠራ። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። አገር ቤት ቀጣሪው ጥቂት ስለሆነ ልጁ ማስታወቂያ፣ የሠርግ ቪዲዮና የድርጅት አርማ እየሠራ የሚቆይባቸው ዓመታት ይኖራሉ።

ዐረቦች አኒሜሽንን "ሩሱም ሙተሐሪካ" ይሉታል፤ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ከካርቱን ዐረብኛ የተማረች እህት ለማዳም እንደ ዜና አንባቢ በፉስሃ ስትመልስ ቤቱ በሳቅ እንደሚሞላ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።) ለመንቀሳቀሱ የሚከፈለው ድካም ግን ከስሙ አይታይም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ነው። ኮምፒውተር ሥራውን ቢያቀልም ታሪክ የሚጽፍ፣ ገጸ ባሕርይ የሚስል፣ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚያበጅለት፣ የሚያንቀሳቅስ፣ ድምፅ የሚያስገባ ሁሉ የተለያየ ሙያ ነው። ጌም ላይ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ይጨመራል፤ እሱ ሒሳብ ይፈልጋል። ስለዚህ "ጌም መጫወት እወዳለሁ" የሚለው መልስ አይበቃም። ዶሮ ወጥ የሚወድ ሁሉ ሽንኩርት መክተፍ አይወድም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ሲበዛ ማሠልጠኛ ነኝ ባይም ይበዛል፤ "ባሕር ማዶ እህት አለችኝ" የሚል ልጅ ደግሞ ጥሩ ደንበኛ ነው። የኛ አቋም ልጁን አትከልክሉት ነው፤ ግን ለወረቀቱ ቀድማችሁ አትክፈሉ።

በዚህ ሙያ ቀጣሪ ቀድሞ የሚጠይቀው የሠራኸውን አሳየኝ ብሎ ነው። መሣሪያውም በነፃ ይገኛል። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደው "ፍሎው"፣ አንድም ቃል የማይነገርበት የላትቪያ የድመት ፊልም፣ የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ነው። ለጌም ጎዶት አለ፤ እሱም ነፃ ነው። የፕሮግራም መሠረት ለመያዝ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ገንዘብ አያስከፍልም። የሚጎድለው ኮምፒውተር ነው። በስልክ ሥዕል መለማመድ ይቻላል፤ ብሌንደር ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። ለመመዝገቢያ የተቆጠበው ብር ካለ ቀድሞ ለእሱ ይዋል። ሐወሊ ኢብን ኻልዱን መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆቹን የምታውቁ፣ ወደ አገር የሚገባ ሰው ከመጫኑ በፊት አስከፍታችሁ እዩት። ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የልጁ እንግሊዝኛ ደካማ ከሆነ ከዚያ መጀመር አለበት።

ስድስት ወር ስጡትና በየወሩ የሠራውን ይላክ። ምንም ካልላከ ኮሌጅም አይለውጠውም። ከላከና እጁ እየተፈታ ከሄደ ያኔ ትምህርት ቤት መፈለግ ይገባል። መሳል የሚችል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይሞክር፤ ሒሳብ የሚቀናው ኮምፒውተር ሳይንስ ቢይዝ ጌሙ ባይሳካ እንኳ ሌላ በር አይዘጋበትም። ዲግሪ እሰጣለሁ የሚል የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ለዚያ የትምህርት ዘርፍና ለዚያ ግቢ መሰጠቱን አጣሩ። ኮሌጁ በሌላ ዘርፍ ፈቃድ ያለው መሆኑ አይበቃም። የተመረቁ ተማሪዎች ሥራ አሳዩን በሉ፤ ማሳየት ካልቻሉ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ። የዓመቱንም በአንዴ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሁልጊዜ ለሌላው ተማር የምትሉት እናንተስ? የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68 እ.ኤ.አ. 2015፣ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጣችኋል። ዕረፍቱን የምታገኙ ሁሉ ተማሩ ብንል የማይሆን ነው፤ ብዙዎች በዚያ ቀን መተኛት ነው የሚያምራቸው፤ መብታቸውም ነው። ግን ተረት የምታውቅ፣ ድምፅዋን እየቀያየረች ልጅ የምታስተኛ፣ አማርኛና ዐረብኛ ያላት ሴት ከዚህ ሙያ ሩቅ አይደለችም። ጽሑፍ፣ ትርጉምና ድምፅ መስጠት የሥራው አካል ናቸው።

ደግሞ የተመልካቹን ነገር ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ አሰልችቷቸው ሪሞቱን እንደሚጥሉ በየቀኑ ታያላችሁ። ወንድማችሁ አሥር ሰከንድ የምትሆን ሥራ ሲልክ "ጎበዝ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የቤቱን ትንሽ ልጅ አስጠግታችሁ አሳዩት፤ ካልሳቀ፣ አልሳቀም ብላችሁ ንገሩት።