ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ግዢና ስለ ሕዝብ ገንዘብ

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ በቀድሞው የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ ለኢትዮጵያ ሠራዊት የማሠልጠኛ ሥፍራ በመሆኗ ስሟ የታወቀ ነው። ከየአውራጃው የሚመጣው ወጣት በዚያ አሸዋማና ሐሩራማ ምድር ሥነ ሥርዓትን ተምሮ፣ ሰውነቱን አጠንክሮ፣ ወታደር ሆኖ ይወጣል። ሠራዊቱን ሁሉ ከገበያ በመግዛት አገሩን ለዘለቄታው ያስከበረ መንግሥት የለም። ኃይል የሚገኘው ከገዛ ልጆች መሆኑን ሁርሶ ሳትናገር ታስተምራለች። ከሁርሶ እጅግ ሳይርቅ በድሬዳዋ፣ እንዲሁም በሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የሚገኙት የእግር ኳስ ክለቦች ግን ይህን የቆየ ጥበብ ትተው በየዓመቱ ተጫዋች ለመግዛት ሲሽቀዳደሙ ይታያሉ። ነገሩ ጨዋታ ነውና ይለፍ ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የሚወጣው ገንዘብ የማን እንደሆነ ሲመረመር የአስተዳደር ጉዳይ ሆኖ ይገኛልና።

በአውሮፓ የክለብ ባለቤት የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ ባለጸጋ ወይም ጥቂት ሰዎች ተባብረው ያቆሙት ኩባንያ ነው። ባለጸጋው ገንዘቡን ያለ አግባብ ቢበትን ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው በራሱ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደር፣ በመንግሥት ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት የቆመ ነው። ድሬዳዋ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ይናገራሉ። በ2016 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ክለብ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነው። ሁለቱም የመንግሥት የገንዘብ ድርጅቶችን ስም የተሸከሙ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ተጫዋች ሲገዛ ገዢው ሕዝቡ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ስለ ዋጋው አይጠየቅም፤ ሒሳቡም አይነገረውም።

የድሬዳዋ ሰው የቀድሞውን ነገር ቢያስታውስ የሚኮራበት ብዙ አለው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥላ ሥር የቆመው የኮተን ክለብ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ አግኝቷል። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገበት ወቅት፣ በ1957 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ከተሰበሰቡት አራት ክለቦች አንዱ ይኸው የድሬዳዋ ክለብ ነበር፤ በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ቢሸነፍም ከአህጉሩ አራቱ መካከል መቆጠሩ ክብር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥቷል። በዚያ ዘመን የነበረው ገንዘብ ዛሬ ካለው ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ ሆኖም ብሔራዊ ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን ደግሞ አላገኘም። ገንዘቡ ሲበዛ ፍሬው ያልበዛበትን ምክንያት መመርመር የአስተዋይ ሰው ተግባር ነው።

የዋጋው መናር ያሳሰባቸው ክለቦችና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን በወረቀት የሚጻፈውን ደመወዝ መወሰን ቀላል ሲሆን ከወረቀት ውጭ የሚሰጠውን መቆጣጠር ከባድ ነው፤ ስምምነቱም በስውር ክፍያ ይጣሳል የሚለው ወቀሳ ወዲያው ተነሣ። የፕሪምየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዚያ በኋላ የክለቦችን ክፍያ የሚወስን ሌላ መመሪያ ማውጣቱ የፊተኛው ብቻውን እንዳልበቃ ያስረዳል።

ወሰን ማበጀት ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት የታወቀ ነው። ተጫዋቹ በብዛት የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ በነጻ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ለእርሱ የወጣውም ገንዘብ አብሮት ይሄዳል። ክለቡ ጥቂት ጨዋታ በተሸነፈ ጊዜ አሠልጣኙ ይሰናበታል፤ አዲሱም አሠልጣኝ የቀድሞዎቹን ተጫዋቾች ንቆ ሌሎች ይገዙልኝ ይላል። የክለቡ የበላይ ጠባቂ የሆነው ሹም በበኩሉ በእርሱ ዘመን ክለቡ ከሊጉ ወረደ እንዳይባል ይሰጋል፤ ስለዚህ ለአሥር ዓመት የሚሆነውን ትቶ ለአሥር ወር የሚሆነውን ይፈቅዳል። ደጋፊውም ግዙ እያለ ይጮኻል፤ በመዋጮ ጊዜ ግን ብዙው አይገኝም። አበው በቅሎ ግዙ ግዙ፤ አንድ አሞሌ ላያግዙ ያሉት ለዚህ ያለ ነገር ነው። በጀቱ ከዓመቱ እኩሌታ ላይ ሲያልቅ ደመወዝ አልተከፈለንም የሚል አቤቱታ ይከተላል፤ ይህም ከአንድ ክለብ በላይ የተሰማ ነው።

በችኮላ የተገኘ ክብር እንደማይዘልቅ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪምየር ሊግ ባደገበት በዚያው በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ወስዶ ሕዝብን አስደነቀ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን እርሱም ወረደ። የመውረድ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዋንጫ ማንሣትና ክለብ ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ሊክድ አይችልም።

ከውጭ አገርም የሩሲያው አንጂ ማካችካላ የሚነገር ታሪክ አለው። ሱሌይማን ኬሪሞቭ የተባለው ባለጸጋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ክለቡን ይዞ ሳሙኤል ኤቶን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾችን በብዙ ገንዘብ አስመጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2013 ወጪውን ቈረጠ፤ ተጫዋቾቹ ተሸጡ፤ ክለቡ በ2014 ወረደ፤ በ2022 ፈጽሞ ፈረሰ። የእንግሊዙ ቼልሲም በ2022 ባለቤቱ ሲለወጥ አዲሶቹ ባለቤቶች በአንድ የጨዋታ ዘመን ለተጫዋች ግዢ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጡ፤ በዚያው ዘመን ፍጻሜ ግን ክለቡ 12ኛ ሆኖ ተገኘ። ያን ያህል ሀብት ላለው ክለብ ገንዘብ ብቻውን ድልን ካልገዛለት፣ ከመምህርና ከነርስ ደመወዝ ጋር በአንድ በጀት ለሚሻማ የከተማ ክለብ እንደምን ይገዛለታል?

በሌላው ወገን የሚነገረውም መሰማት አለበት። የተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ ጉልበቱ ሳይደክም፣ እግሩ ሳይሰበር ለልጆቹ የሚሆን ጥሪት ቢይዝ የሚነቀፍ አይደለም። ክለብም ከተማን ያስጠራል፣ ወጣቱን ከክፉ ውሎ ይመልሳል፣ በቋንቋና በሃይማኖት የሚለያየውን ሕዝብ በአንድ ሜዳ ያሰባስባል። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በየተራ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲደረጉ ለከተሞቹ ስምና ገበያ አስገኝተዋል። ስለዚህ ለእግር ኳስ ገንዘብ አይውጣ የሚል ሰው የአገሩን ወጣት አያውቅም። ክርክሩ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል በሚለው ነው።

ለዚህ የቤተ ክርስቲያን ልማድ መልካም ምሳሌ ይሆናል። አንድ ደብር የጎረቤቱን ዝነኛ መሪጌታ በብዙ ቀለብ አባብሎ ቢወስድ ለጊዜው ማሕሌቱ ይደምቃል። ነገር ግን ጉባኤ ዘርግቶ ደቀ መዝሙር ካላፈራ፣ መሪጌታው በሞተ ወይም ወደ ሌላ በሄደ ማግስት ቅኔ ማሕሌቱ ባዶውን ይቀራል። ዝናው የከበረ ደብር ሁሉ የከበረው ቈሎ ተማሪውን በደጁ አስጠግቶ በማስተማሩ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውም ተረት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በጻፈው ወንጌልም ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ኪሳራውን ተቀምጦ እንዲቈጥር፣ መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ቢያቅተው ግን መሳቂያ እንደሚሆን ጌታችን አስተምሯል። ዛሬ በየከተማው የሚታየው መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያ መግዛት ነው።

የመሠረቱ መጓደል በግልጽ የታየው በሜዳ ነው። የባሕር ዳር ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ በ2014 ዓ.ም. ከታገደ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአገሩ ሊያደርግ የሚገባውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሜዳ ለማድረግ ተገደደ። ለተጫዋች ግዢ ገንዘብ የማይጠፋባት አገር ለእንግዳ የሚሆን አንድ ሜዳ ማጣቷ የሚያሳፍር ነው። ስታዲየም ከተሠራ ለልጅ ልጅ ይቆያል፤ የአንድ ዓመት ውል ግን ከዓመቱ ጋር ያልፋል።

እንግዲህ ክለብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚቻላቸው ነገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፣ ከሕዝብ በጀት ለተጫዋች የሚከፈለው ሁሉ እንደ ማናቸውም የመንግሥት ግዢ ተመዝግቦ፣ በኦዲተር ተመርምሮ ለምክር ቤት ይቅረብ፤ ስውር ክፍያ የሚሞተው በብርሃን ነውና። ሁለተኛ፣ ከክለቡ በጀት የተወሰነ እጅ ለታዳጊዎች ቡድን ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላም ነገር አይዛወር። ሦስተኛ፣ ያለፈው ዓመት ደመወዝ ሳይከፈል አዲስ ተጫዋች አይፈረም። አራተኛ፣ ልጅ አሳድጎ ለሰጠ ክለብ ድርሻው ይከፈለው። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ከዋጋው ከመቶ 5 እንዲካፈል በደንቡ ወስኗል። ይህን የመሰለ ሥርዓት በአገር ውስጥም ቢጸና፣ ትንሹ ክለብ ማሳደግን እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ እርሻ ይቈጥረዋል፤ ትልቁም ክለብ ተጫዋች በተመኘ ቁጥር የአሳዳጊውን ድካም ያስባል።

በሁርሶ፣ በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባለው ሜዳ ሁሉ ኳስ የሚመታ ልጅ ሞልቷል። የጎደለው ልጁን የሚያይ ዓይን፣ የሚያሠለጥነው መምህርና የሚጫወትበት ሜዳ ነው። ይህን ለማሟላት የሚያስፈልገው ገንዘብ ዛሬ በየዓመቱ ለሚመጣና ለሚሄድ ተጫዋች ከሚወጣው አይበልጥም። የሕዝብን ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሹም ዘመኑ ሲፈጸም የሚጠየቀው በስንት ብር ማንን አስፈረምህ ተብሎ አይደለም፤ ከአገሩ ልጆች ስንቱን አሳደግህ ተብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊያዘጋጅ የሚገባውም የዝውውሩ ወራት ገብቶ ገበያው ከመድራቱ በፊት ነው።