ኬኩ ቢሰረጉድ እጃችሁን አትውቀሱ

ለልጃችሁ ልደት ወይም ለክብር እንግዳ ብላችሁ፣ እንቁላሉንና ስኳሩን ሳትሰስቱ ያዘጋጃችሁት ኬክ ከእሳት ሲወጣ መሐሉ ሰርጉዶ አግኝታችሁ አታውቁም? እንደ ሮቤና ጎባ ባሉ የባሌ ደጋ ከተሞች የሚኖሩ የቤት እመቤቶች ይህ ችግር አዘውትሮ ይገጥማቸዋል። ወቀሳውም ብዙ ጊዜ በጋጋሪዋ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ ግን የእጅ ሳይሆን የከፍታ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው በሮቤ ከተማ አንዲት አነስተኛ የሰፈር ዳቦ ቤት ከጎበኘን በኋላ ነው። ባለቤቷ፣ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናት። በጅዳ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አብራት ከምትሠራ ፊሊፒናዊት የጣፋጭ አሠራር ተማረች። ከተማረቻቸው አንዱ «ፑቶ» የሚባለው፣ ከሩዝ ተዘጋጅቶ በትናንሽ ቅርጾች በእንፋሎት የሚበስል ኬክ ነው። ሌላው «ቢቢንግካ» ነው። ይህም ከሩዝ ዱቄትና ከኮኮናት ወተት ተዘጋጅቶ፣ የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት የሸክላ ዕቃ፣ ከላይና ከታች ፍም ተደርጎበት ይጋገራል። ፊሊፒናውያን በተለይ በገና ሰሞን ይበሉታል።

«መጀመሪያ ሲነገረኝ የእናቴ ድፎ ዳቦ ነው ትዝ ያለኝ» ትላለች ባለሙያዋ። እውነቷን ነው። የእኛም ድፎ በኮባ ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ይነድበታል። ፑቶም ቢሆን በእንፋሎት ለሚበስለው ሕብስታችን የሩቅ ባዳ አይደለም።

ሮቤ ስትመለስ ሩዙን በሲናናና በአጋርፋ ስንዴ ዱቄት፣ የኮኮናቱን ወተት በላም ወተት ለወጠች። ይሁን እንጂ ኬኮቹ ኩፍ ብለው ሳይቆዩ ይሰረጉዱ ጀመር። ከስደት ያተረፈችው ጥቂት ገንዘብ በዱቄትና በእንቁላል አለቀ። ጎረቤትም «አረብ አገር ሙያ አያስተምርም» እያለ አማት።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጅዳ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጎባ ደግሞ ከዚህም ትበልጣለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይነፋል፤ ኬኩም ሳይበስል ኩፍ ብሎ ይወድቃል። ውኃም በ100 ዲግሪ ፋንታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በእንፋሎት የሚበስል ነገር ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ የተማራችሁትን አሠራር በደጋ ስትሞክሩ የሚከተለውን አስተውሉ። ለአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ቢያንስ ሩቡን ቀንሱ። ከአንድ ስኒ ስኳር ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ አጉድሉ። ለአንድ ስኒ ወተት ወይም ውኃ ደግሞ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ቅርጹን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉት።

ምድጃ የሌላችሁም አትጨነቁ፤ ሕብስት የምታበስሉበት ድስት ይበቃል። ጠብታ ኬኩ ላይ እንዳይወርድ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት። መብሰሉን ለማወቅ ንጹሕ ስንደዶ መሐሉ ላይ ውጉ፤ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

ባለሙያዋ ይህን የደረሰችበት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰችና የቀነሰችውን በደብተር እየጻፈች ነው። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎች ከደጃፏ ተሰልፈው ትናንሾቹን ኬኮች ሲገዙ አይተናል። ያሟት ከነበሩት ጎረቤቶች አንዷም ለልጇ ልደት ስታዝ በዓይናችን አይተናል። እናንተም የመጀመሪያው ቢበላሽባችሁ ደብተርና እርሳስ ያዙ እንጂ ሙያችሁን አትጠራጠሩ።