ተራራው ከጀርባ፥ እኛ ከፊት

ሰው ከቤቱ ርቆ አገር አይቶ ሲመለስ፥ ቤተ ሰቡ ከብቦ የሚጠይቀው «ምን አየህ?» ብሎ ነው። አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ የሚመልሱት በአንደበታቸው ነበር። ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው ከዮርዳኖስ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ወይም ከቅዱሱ ስፍራ ጥቂት አፈር በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል፤ የቀረውን ግን ቡናው ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ይተርከዋል፤ የሰሚውም ልቡና ሥዕሉን ራሱ ይሥላል። ዛሬ ግን መንገደኛው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያቀብላል። በውስጡ ሦስት መቶ፥ አራት መቶ ፎቶግራፍ ይገኛል። ተቀባዩም በጣቱ እየገፋ ጥቂቱን ካየ በኋላ «እሰይ፥ ደስ ይላል» ብሎ ይመልስለታል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

ይህን ማለታችን ፎቶግራፍን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲያውም አገርን ለማያውቅ ልጅ አገርን ለማሳወቅ ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ ብዙ የለም። የምንጠይቀው፥ ከእነዚያ ሦስት መቶ ፎቶግራፎች ውስጥ አገር የሚታይባቸው ስንቶቹ ናቸው ብለን ነው።

ዕድሜያቸው ከፍ ያለ አንባቢዎቻችን እንደሚያስታውሱት፥ በየከተማው ፎቶ ቤት ከወንበሩ በስተኋላ በቀለም የተሣለ መጋረጃ ይሰቀል ነበር። በመጋረጃው ላይ ባሕር፥ ዘንባባ፥ የአበባ ማሰሮ ተሥሎበት ይታያል፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰውም በባሕር ዳር የቆመ መስሎ ይነሣል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ነበረ፤ ማንንም አያታልልም። የሚያስገርመው ግን የዛሬው ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፥ ብዙም ደክሞ፥ ከእውነተኛው ባሕርና ከእውነተኛው ተራራ ዘንድ ከደረሰ በኋላ፥ ያንኑ እንደ ፎቶ ቤት መጋረጃ ከጀርባው አድርጎ መነሣቱ ነው። ፊቱ ሥዕሉን ይሞላዋል፤ ተራራውም ከትከሻው ላይ እንደ ተቀመጠች ወፍ ጥቂት ብቅ ብሎ ይቀራል።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ያስተዋልነው ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በብስኩት ቆርቆሮ ያኖሯቸውን ዐሥራ አንድ ፎቶግራፎች ይዘው ወደ እኛ መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ በእኛ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ከሄዱት ምእመናን አንዱ ነበሩ። ይህም አሮጌይቱ ከተማ በዮርዳኖስ መንግሥት እጅ በነበረችበት ዘመን፥ ማለት ከ1959 ዓ.ም. በፊት ነው። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ላይ ሰውየው ጋቢያቸውን አጣፍተው፥ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከጀርባው የተጻፈ ነገር የለም። «የኔታ፥ ይህ የትኛው ቅዱስ ስፍራ ነው? የልጅ ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ» አሉን።

እያገላበጥን ተመለከትን። ዐሥሩ የግድግዳ ጥግ፥ የደረጃ ጫፍ፥ የዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ የሚታይባቸው በመሆናቸው ምንም ለማለት አልተቻለም። በአንዱ ግን ሰውየው ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ስለ ቆሙ፥ የከተማይቱ ቅጥርና ከቅጥሩ በላይ ያለው ትልቁ ጉልላት ሙሉ በሙሉ ይታያል። ስለዚህ ከደብረ ዘይት ተራራ ላይ ሆነው የተነሡት መሆኑን አወቅን። ሰዓቱን እንኳ ልንነግራቸው ቻልን። ደብረ ዘይት ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ነው፤ ጧት ፀሐይ ከሚያነሣው ሰው ጀርባ ሆና የቅጥሩንና የጉልላቱን ፊት ታበራለች፤ ከቀትር በኋላ ግን ፊት ለፊት ስለምትመጣ ከተማይቱ ጥቁር ጥላ ትሆናለች። በፎቶግራፉ ላይ ቅጥሩ ድንጋይ በድንጋይ እየተለየ ይታያልና ጊዜው ጧት ነበረ። እናትየዋም ያችን አንዲቱን ለይተው በመሐረባቸው ቋጠሯት፤ የቀሩትን ወደ ቆርቆሮው መለሷቸው። (ዘንድሮ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፥ ከዚያ ተራራ ላይ ለመነሣት ማልዳችሁ መውጣት እንዳለባችሁ ከዚሁ ተረዱት።)

ሰው በፎቶግራፍ ውስጥ አይግባ አንልም። ያች አንዲቱ ፎቶግራፍ ራሷ ሰው አለባት። ነገር ግን አራት እርምጃ ወደ ኋላ፥ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማለት ሰውየውንም ቦታውንም ያድናል። ደግሞም ሰው በአጠገቡ ሲቆም የተራራውም ሆነ የሕንፃው ቁመት ይታወቃል፤ ብቻውን የተነሣ ዐለት ግን የቤት ያህል ይሁን የበሬ ያህል ለመለየት ያስቸግራል።

ስለ ቦታ ተብሎ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ምስክር እንደሚሆን ከገዛ አገራችን የሚጠቀስ ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ፥ ከመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ የተማሩ ወታደሮች አብረው መጥተው ነበር። የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሻ ከባድ ነው፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ድንኳኑም በከብት ጀርባ ይጫናል። እነዚህ ሰዎች ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥተው በትግራይ በኩል እስከ መቅደላ ድረስ፥ ሰፈራቸውንና የሚያልፉበትን ተራራ እያነሡ ሄዱ። ዛፍ ለመቊጠር ብለው አልነበረም።

ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ግን በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ያን ኒሰን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እነዚያን ሥዕሎች ይዘው ወደዚያው ስፍራ ሄዱ፤ የጥንቱ ፎቶግራፍ አንሺ ከቆመበት ቦታ ላይ ቆመው ያንኑ ተራራ ዳግመኛ አነሡት። ዘወትር ሲነገር የምንሰማው ተራራችን ሁሉ ከጥቂት ትውልድ በፊት በደን የተሸፈነ ነበር የሚል ነው። የ1860ዎቹ ሥዕሎች ግን የሰሜኑ ተራራ ያን ጊዜም የተራቈተ እንደ ነበረ ያሳያሉ። አዲሶቹ ሥዕሎች ደግሞ በብዙ ስፍራ ዛፉና ቊጥቋጦው ከጥንቱ በዝቶ አሳይተዋል፤ ሕዝቡ እርከን ስለ ሠራ፥ ከብት እንዳይገባ ስለ ከለለ፥ ባሕር ዛፍም ስለ ተከለ ነው። ይህ ጥናት በ2001 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በዚያው ምድር ላይ አልፏል፤ አሁንም ከዚያው ቦታ ቆሞ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል።

ተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው ሁልጊዜ የሚጠይቁት፥ የሞተ ሰው የቆመበት ቦታ እንዴት ይታወቃል ብለው ነው። ጥያቄው መልካም ነው። በአሮጌው ሥዕል ላይ በቅርብ ያለ አንድ ዐለትና በሩቅ ያለ አንድ የተራራ ጫፍ ይፈለጋል። ሰው ወደ ግራ ሲሄድ የቅርቡ ዐለት ከሩቁ ጫፍ አንጻር ወደ ቀኝ የሄደ ይመስላል፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ደግሞ ወደ ግራ። ሁለቱ በሥዕሉ ላይ እንዳሉት ሆነው እስኪገጣጠሙ ድረስ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። እንዲህ ባሉ ሁለት ሦስት ምልክቶች የድሮው ሰው እግር ያረፈበት ስፍራ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ይገኛል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የአገሩን መልክ ለልጆቹ ለማቆየት የሚያነሣ ቢኖር፥ በቅርብ የማይነቃነቅ አንድ ነገር፥ ትልቅ ድንጋይ ወይም የአጥር ማዕዘን፥ ያስገባ፤ ተራራው ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትንም መሥመር አይቊረጥ።

«የእኛ ቦታ አይለወጥም» የሚል አይጠፋም። ከዐለት ከተፈለፈሉት ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የበለጠ አይለወጥም የሚባል ምን አለ? ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዝናብ እንዲጠበቁ ተብሎ ከእነቤተ መድኃኔ ዓለም፥ ከእነቤተ ማርያምና ከእነቤተ አማኑኤል በላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ሰፋፊ ጣራዎች ተሠሩባቸው። ከዚያ በፊት የተሳለመ ሰው በሰማዩ ሥር ራቁታቸውን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ካሉት፥ ዛሬ በምንም ገንዘብ የማይገኝ ነገር ይዟል። በየቤቱ አልበም ውስጥ ስንት እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቤተ ጊዮርጊስ እንዲህ ያለ ጣራ የለውም፤ ስለ እርሱ አንድ ነገር እንጨምር። ቦታን ለማንሣት ጧት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፥ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል ይባላል፤ እውነትም ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላ ስለምትጥል ሸለቆው ጥልቀቱ፥ ተራራውም ሸንተረሩ ይታያል። በቀትር የተነሣ የደብረ ሊባኖስ ገደል እንደ ጠፍጣፋ ምንጣፍ ሆኖ ቢወጣ የገደሉ ጥፋት አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ግን በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ስለ ሆነ፥ ጧትና ማታ ግርጌው በጨለማ ይዋጣል፤ እስከ መሠረቱ ድረስ ብርሃን የሚያገኘው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። ደንቡን ከማጥናት ቦታውን ማስተዋል ይበልጣል።

ወቅትም የራሱ ሥራ አለው። የክረምቱ ዝናብ አየሩን አጥቦት ከሄደ በኋላ፥ በተለይም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኀ ጽጌ፥ ሩቁ ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ አደይ አበባውም ገና አልረገፈም። ከጥር ወዲያ ግን አቧራውና ጢሱ ይነሣና ሩቅ ያለው ተራራ ሁሉ አንድ ግራጫ ይሆናል። የጥቅምት 5ን በዓል ለማክበር ወደ ዝቋላ የሚወጡ ምእመናን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ዝቋላ ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ በራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመ ተራራ ነው፤ በጠራ ቀን ከእንጦጦ ሆኖ ይታያል። በዱከምና በቢሾፍቱ መንገድ በየሳምንቱ የሚያልፍ ስንቱ ነው! ዱባይ ደርሶ የሕንፃ ፎቶግራፍ በመቶ የሚቈጠር ይዞ ሲመለስ፥ ይህን ተራራ ግን አንድ ጊዜ እንኳ መኪና አስቁሞ አላነሣውም። ከዚያ መንገድ የሚያነሣ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ስለሚያዞር ፀሐይ ጧት ከግራው፥ ማታ ከቀኙ ትመጣለታለች፤ ከዚህ የሚሻል ብርሃን አይገኝም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ለክረምት ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ ከአያት ጋር ይነሣሉ፤ መልካም ነው። አያት በየቀኑ ጧት ደጃቸውን ከፍተው የሚያዩትን ተራራ ግን፥ በራፉ ላይ ቆመው፥ ማንም ሰው ሳይገባበት አንድ ጊዜ ቢያነሡት ምን ይጎዳል? ልጁ ካደገ በኋላ የአያቱን ፊት ከብዙ ፎቶግራፍ ያገኛል፤ አያቱ ያዩት የነበረውን ግን ከሌላ ስፍራ አያገኘውም።

በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ፈቃድ ሳይጠይቁ ማንሣት፥ በቅዳሴ ጊዜ በአሮጌ ሥዕል ፊት ብልጭታ ማብራት፥ የሚጸልይን መነኵሴ እንደ ሐውልት ቆጥሮ ከፊቱ መደቀን ነውር መሆኑን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም፤ ለእንግዶቻቸው ግን ይንገሩልን።

የቀረው የመጻፍ ነገር ነው። ስልኩ ቀኑንና ቦታውን ራሱ ይመዘግባል ብሎ የሚታመን ብዙ ሰው አለ። ይመዘግባል፤ ፎቶግራፉ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ግን ያ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ከአንድ ጉዞ አምስት ወይም ስድስት መርጦ በወረቀት ማሳተም፥ ከጀርባውም በለስላሳ እርሳስ ዳር ዳሩን መጻፍ ይገባል፤ የቦታው ስም፥ የተነሣበት ቀን፥ ያነሣው ሰው ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ፥ ሰዎች ካሉም ስማቸው ከግራ ወደ ቀኝ። ዓመቱ ሲጻፍ የእኛ አቈጣጠር ይሁን የፈረንጆች ይገለጥ፤ ያለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል፤ በዚህ ምክንያት አባት ከመሞታቸው በኋላ ተነሡ የሚያሰኙ ሥዕሎች በእጃችን ገብተዋል።

እኛም በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ከተማሪዎቻችን ጋር ጥቂት ጀምረናል። ከግቢው በስተኋላ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ኮረብታ አለ። በየዓመቱ በጥቅምት፥ ጧት በ2 ሰዓት፥ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ሆነን እናነሣዋለን። እስካሁን አራት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። በመጀመሪያው ላይ እግር መንገድ የነበረው በሦስተኛው የመኪና መንገድ ሆኗል፤ ከጽዱና ከወይራው ደን በግራ በኩል የተተከለው ባሕር ዛፍ ደግሞ በየዓመቱ ቁመት እየጨመረ የጉልላቱን መስቀል ከግማሽ በላይ ጋርዶታል። አምናም አንዱ ተማሪ «ጋሼ፥ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ብንል እኮ መስቀሉ ደኅና አድርጎ ይታያል» አለን። ልክ ነው፤ ይታያል። እኛ ግን ከድንጋዩ ላይ አልወረድንም።